ፍሬን ላይ ዘይት

በራችን ላይ «መኪና እንጠግናለን» የሚል ጽሑፍ አለ። ወንድሜ ራሱ ነው በቀለም የጻፈው። የልብስ ስፌት መኪና ማለቱ ነበር፤ ግን ፊደሎቹን አግዝፎ ሰሌዳውን ሞላውና «የልብስ ስፌት» ለሚለው ቦታ አጣ። ስለዚህ አንዳንዴ የጭነት መኪና በራችን ላይ ይቆምና ሾፌሩ ወርዶ «ጋራዡ በየት በኩል ነው?» ይላል። ወንድሜ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ጠረጴዛው ላይ ካወጣህልኝ እሠራልሃለሁ» ይለዋል። ተሳስቀው ይለያያሉ።

ሰፈሩ «ጠብታ» ይለዋል። አፏ ቀጭንና ረጅም የሆነች ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ ከኪሱ ስለማትለይ ነው። ሰው ቤት ገብቶ በር ሲጥ ሲል ከሰማ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ማጠፊያው ላይ ጠብ ያደርጋል። መቀስ፣ ቁልፍ፣ የጃንጥላ ሽቦ፣ የሕፃን ጋሪ፣ ምንም አይቀረውም። አንዴ ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ የተቀመጠበት ወንበር ሲጮህበት ጊዜ ተንበርክኮ ዘይት ሲያጠጣው፣ ነርሷ መጥታ «አባቴ፣ የታመመው እርስዎ ነዎት ወንበሩ?» አለችው።

«ዝገት የሚፈራው ዘይትን ብቻ ነው» ይላል ሁልጊዜ። «መኪና ሁሉ ዘይት ይወዳል።»

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ጋሼ ነው የምለው። እሱ በሚሰፋው ልብስ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፤ የምኖረውም ከሱና ከሚስቱ ጋር ነው። ሚስቱን እትዬ እላታለሁ። እትዬ ሾፌር ነች። ብዙ ዘመን የተማሪ ሰርቪስ ነድታለች። ያንን ከተወች በኋላ ደሞ በራሷ ትንሽ መኪና የኛን ልብስ ለየሱቁ ታደርስ ነበር። ወንድሜ መንዳት አይችልም። አንዴ ልታስተምረው ሞክራ አጥር ነክቶ ወረደና «እኔ የለመድኩት መኪና በእግር ሲረገጥ ባለበት የሚቀመጥ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ እሷ ትነዳለች፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ያወራል።

አንድ መጥፎ አመል አለው፣ እሱን ካልነገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ሆደ ቡቡ ነው። ሰው ሲከፋው ማየት አይችልም፣ ስለዚህ ይዋሻል። ክፋት የለበትም። ሱሪ የጠበበው ደንበኛ ሲመጣ «አንተ አልወፈርክም፣ ጨርቁ ነው ውሃ ሲነካው የጠበበው» ይለዋል። እኔ የተቃጠለ ምግብ ሳቀርብ «ጢስ ጢስ ሲል ነው የሚጣፍጠኝ» ብሎ ሳህኑን ይጠርገዋል። እትዬ ታውቅበታለች። «የሱን እውነት ለመጠጣት መጀመሪያ ስኳሩን መልቀም ነው» ትላለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ከአልጋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ስትሮክ ነው አሉን። እጇም እግሯም። አፏ ግን ወዲያው ተመለሰ፣ እግዜር ይመስገን፤ መጀመሪያ የጠየቀችውም «መኪናዬን ማን አስገባት?» ብላ ነው። ጎረቤት አስገብቷት ነበር፣ ግቢ ውስጥ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት።

እንቅስቃሴ የምታሠራት ሐኪም እግሯን በየቀኑ መግፋት እንድትለማመድ አዘዘቻት። እትዬ መጀመሪያ ለገመች። ወንድሜ ዘዴ አመጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ መዳፉን ከቀኝ እግሯ ሥር ያደርግና፣

«ሾፌር! ላም ገባች መንገድ ላይ! ፍሬን!» ይላታል።

«የማን ላም ናት?»

«የማንም ትሁን፣ አንቺ እርገጪ!»

እየሳቀች እግሯን ለማዘዝ ትሞክራለች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። እሱ ግን መዳፉን ራሱ ወደ ታች ያወርድና «ገፋሽኝ! አዩልኝ፣ ገፋችኝ!» ይላል። እሷም አይታው «አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ያወረድከው አንተ ነህ። ላሟን ገድያታለሁ» ትለዋለች።

ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ እንዲሁ ሆነ። በየቀኑ ላም፣ ውሻ፣ ጋሪ፣ አንዳንዴም ገንዘብ ያበደርነውን ሰው መንገድ ላይ ያስገባል፤ እሷ ትረግጣለች። እና እውነቱን ልናገር፣ እግሯ መጣ። አንድ ቀን እሱ ደንበኛ ጋ ወጥቶ እኔ ተተክቼ መዳፌን ሳደርግላት፣ ክንዴ እስኪታጠፍ ድረስ ገፋችኝ። እኔ ደሞ መዋሸት አልችልበትም፣ ፊቴ ይቀላል። በደስታ እየጮህኩ ወጣሁ። ያን ቀን እትዬ ራሷ፣

«እንግዲያው እስከ በሩ እነዳታለሁ» አለች። «ከግቢ አልወጣም። ከቆመችበት ተነስቼ በሩ ጋ ደርሼ ማቆም። እሱን ከቻልኩ ሰው ነኝ። ካልቻልኩ ደሞ ሁላችሁም መዳፋችሁን ሰብስባችሁ ሥራችሁን ሥሩ፣ እኔም አርፌ ልተኛ።»

እኛ ቀልድ መሰለን። አልነበረም።

ወንድሜ ያኔ መኪናዋን ይንከባከብ ጀመር። በፊትም ያጥባት ነበር፤ እትዬ በመስኮት «መኪናዬ እንዴት አደረች?» ስትለው «እንደ መስታወት!» እንዲላት። አሁን ግን መሬት ላይ እየተኛ ሥሯ ድረስ ገባ። ሲያጥብ ጎማውን በያዘው ብረት፣ በቸርኬው ቀዳዳ አየና ደነገጠ። ጎማው ውስጥ ያለው ዲስክ፣ ፍሬን ሲረገጥ ሸራው የሚነክሰው ክብ ብረት፣ ቀይ ሆኗል። አራቱም እግር። ዝናብ ላይ ቆማ በዚያ ላይ እሱ በየጠዋቱ ውሃ እያፈሰሰባት፣ ምን ትሁን?

ለእትዬ ቢነግራት ኖሮ ባንድ ቃል ይገላገል ነበር። ሾፌር አይደለች? ግን የሷ መኪና ዛገች ብሎ ሊነግራት ሆዱ አልቻለም። «እሷ ስትድን መኪናዋ ልትታመም?» አለኝ በሹክሹክታ። ከኪሱ ቆርቆሮዋን አወጣ። ያቺ ቀጭን አፍ ለዚሁ የተሠራች ይመስል በቸርኬው ቀዳዳ ስልክክ ብላ ገባች። ለእያንዳንዱ ዲስክ እየዞረ፣ መኪናዋን ትንሽ ገፋ ሊያደርጋት ሲል እምቢ ስላለችው ቆርቆሮዋ በደረሰችበት ሁሉ፣ አጠጣ። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠረገ። ዝገቱ ጠቆረና ብረቱ አብረቀረቀ።

«አየሽ?» አለኝ። «መኪና መኪና ነው።»

እኔ ምን አውቃለሁ? ጎበዝ አልኩት።

የምትነዳበት ቀን ሲደርስ እትዬ የሰርቪስ ጊዜ የምትለብሰውን ሹራብ አምጪ አለችኝ። ደግፈን አስገባናት። ወንድሜ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ቀኝ እጇ ገና ስለሆነ ማርሹን እሱ እንዲያስገባላት። አውቶማቲክ ነች፣ አንድ ዘንግ ወደ ኋላ መጎተት ብቻ ነው፤ እሱ ግን ላብ በላብ ሆኗል።

«ቀስ በል፣ የመርፌ ክር አይደለም የምታስገባው» አለችው።

«ገባ?»

«ገባ። አሁን እጅህን ጭንህ ላይ አድርግና አፍህን ዝጋ።»

እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ሞተሩ ተነስቷል፣ መኪናዋ ግን አትንቀሳቀስም። እትዬ ትንሽ ነዳጅ ሰጠች። አሁንም የለም። ጨመረች። ድንገት ከሥር ጓ! የሚል ድምፅ ወጣና መኪናዋ ተፈትታ ወደ ፊት ዘለለች። ፊቷን አየሁት። አልደነገጠችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ረገጠች። ሰውነቷ ሁሉ ወንበሩ ላይ ሲገፋ አይቻለሁ። መኪናዋ ግን ሳትቸኩል፣ ምንም እንዳልተባለች፣ መጣች። እኔ ዘወር አልኩ። የውሃውን በርሜል ገለበጠችና በሩን ጓ አድርጋ በዚያው ቆመች። ወንድሜ ቁልፉን አዙሮ አጠፋት።

ማንም አልተጎዳም። የበሩ ቆርቆሮ ጎበጠ፣ የመኪናዋ የፊት መብራት ተሰነጠቀ፣ ግቢው ውሃ በውሃ ሆነ፣ በቃ።

እትዬ እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ቁልቁል እግሯን ታያለች።

«ረግጫለሁ» አለች። «ረግጬ ነበር እኮ። የረገጥኩ መስሎኝ ነበር።»

«ረግጠሻል! በደንብ ነው የረገጥሽው!» አለ ወንድሜ።

ቀና ብላ አየችው። «አስገቡኝ» አለች።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ላም የለ፣ ውሻ የለ። ወንድሜ መዳፉን ሲያቀርብ እግሯን ትሰበስባለች። እንደ መቆጣት ብትል ይሻል ነበር። «ሂድ ሥራህን ሥራ» ነው የምትለው፣ በትህትና። ሐኪሟ ደሞ ካቆመች ያገኘችውንም ታጣለች ብላ አስጠንቅቃናለች። ወንድሜ እጅ እግሩ ተሳሰረ። እሱም በልቡ የእግሯ ጥፋት መስሎት ነበር።

የሰፈሩን መካኒክ የጠራው የፊት መብራቱን እንዲያይለት ነው። አጭርና ጡንቸኛ ስለሆነ በመኪና ማንሻው ስም «ክሪክ» ይሉታል። መብራቱን አይቶ ሲያበቃ «ይቺ ለምን አልቆመችም?» ብሎ ጎማውን ፈታው። ዲስኩን በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ፣ ወንድሜን አየው።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ዘይት ማን አፈሰሰ?»

«እኔ ነኛ» አለ ወንድሜ፣ ኮራ ብሎ። «ዝጎ አግኝቼው።»

ክሪክ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ፍሬን ላይ? ዘይት?»

«መኪና አይደለች?»

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ የሚሰፋባት መኪና አይደለችም! ፍሬን ነክሶ ይዞ ነው የሚያቆመው። አንተ ጥርሱን ቅቤ ቀባኸው!» መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ የጎበጠውን በር ሲያይ ሳቁን ተወው። «ዝገቱ እኮ ላይ ላዩን ነው። ምሱ መንዳትና መርገጥ ነው፣ ሸራው ራሱ ፍቆ ያነሳዋል። ስትነሳ ጓ አለች ያላችሁኝም ሸራው ስለተጣበቀ ነው፣ ሌላ አይደለም። አንተ ግን ቅንድብ ላበጅ ብለህ ዓይን አጠፋህ።»

«እንግዲያው…» አለ ወንድሜ። «እንግዲያው እግሯ አይደለም?»

«የምን እግር? ሁለት ዝሆን ቢረግጣት አትቆምም ነበር።»

ጥፋተኛ ሆኖ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ መኝታ ቤት ዘልሎ ገባ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ጥፋተኛው! የኔ እመቤት፣ እግርሽ ደህና ነው፣ ዲስኩ ላይ ዘይት ያፈሰስኩት እኔ ነኝ!»

እትዬ ሰማችው። ከዚያ ፈገግ አለች፣ ሱሪ እንደጠበበው ደንበኛ።

«አንተዬ፣ ተው» አለችው። «ዲስክ ላይ ዘይት የሚያፈስ ሰው የለም። ሕፃን እንኳ አያደርገውም። እኔን ለማጽናናት ራስህን ጅል አታድርግ።»

«ጅል ነኝ! እውነቴን ነው!»

«ጅልስ አይደለህም። ደግ ነህ።»

ወደኔ ዞረ። «ንገሪያት!»

«እውነቱን ነው እትዬ፣ ሲያጠጣ አይቻለሁ» አልኩ። ፊቴ ሲቀላ ተሰማኝ። እኔ ስዋሽ ብቻ አይደለም ለካ የሚቀላው፣ ሲጨንቀኝም ይቀላል።

«አንቺም የሱ እህት ነሽ» አለችኝ።

ወንድሜ ክሪክን ጠራው። ክሪክ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው። እትዬ አስጨርሳው፣ እንደ ሾፌር አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«አንተ ረግጠህ አይተሃታል?»

«አይ፣ እትዬ፣ ጎማውን ፈታሁት እንጂ…»

«ብትረግጣት አትቆምም?»

«አትቆምማ!»

«አልረገጥካትም ግን።»

«አልረገጥኳትም።»

«በል፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለችው። ክሪክ ወጥቶ «ሴትዮዋ ዳኛ ነበሩ እንዴ?» አለኝ።

ዲስኩን ፈትቶ ሲያመጣለት ወንድሜ እሱንም ተሸክሞ ወሰደላት። ጭኗ ላይ ጋዜጣ አነጠፈና አስቀመጠላት። በጣቷ ነካችው። ጣቷ ጠቆረ። «የፍሬን ዘይት ፈስሶ ይሆናል፣ ያረጀች መኪና ነች» አለችና ጣቷን በጋዜጣው ጠረገች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ነገሩ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ለማስደሰት ውሸት አከማችቶ፣ አንዲት እውነት ቢያስፈልገው የሚያበድረው ጠፋ።

ክሪክ ሥራ ይወዳል። ዲስኮቹን ብረት መላጊያ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጋቸው፣ ዘይት የጠጣውን ሸራ ጥሎ አዲስ አስገባ፣ በቤንዚን አጠበ፣ ገጠመ። እኔና ወንድሜ ሲሠራ ቆመን አየነው። ቶሎ እንዲያልቅ ነው የጓጓነው። አንዳችንም አላሰብንበትም።

ሲጨርስ ሊሞክራት ገባ። ግቢው ውስጥ ትንሽ ወደ ኋላ ወሰዳትና ወደ በሩ አስፈነጠራት፤ ልክ መስኮቱ ሥር ሲደርስ ረገጠ። መኪናዋ አፍንጫዋን መሬት ልታስነካ ደርሳ ቀጥ አለች። ደገመው። ቀጥ። ክሪክ ጭንቅላቱን አውጥቶ በደስታ ጮኸ፣

«እትዬ! አሁንማ በትንሽ ጣትሽ ትቆማለች! የልጅ እግር ይበቃታል!»

እኔ መኝታ ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ትራሷን ሳስተካክልላት። በመስኮቱ አየችው። ደግማ አየችው።

«ለሱማ ትቆማለች» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወጥቼ ለወንድሜ የሰማሁትን ነገርኩት። ሲሰማ ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ገባው። ያቺን መኪና እንዳለች ቢተዋት ኖሮ፣ ክሪክን በዘይቷ ላይ አስረግጦ በሩን እንደገና ቢያስመታት ኖሮ፣ እትዬ በዓይኗ ታይ ነበር። አሁን ግን ያለን ማስረጃ ሁሉ ታጥቦ ፈሷል። የቀረችው የነካትን እግር ሁሉ የምትታዘዝ ጤነኛ መኪና ነች።

«መልሼ ዘይት ላፍስባት እንዴ?» አለኝ። ቀልዱን አይደለም።

ክሪክ ሰማው። «ጋሼ፣ አብደሃል?»

«እሷ ፊት አንተ ትረግጣታለህ፣ አትቆምልህም፣ ታየዋለች።»

«ሆን ብላችሁ አደረጋችሁት ብትልስ?»

ትላለቻ። እሱ ሊያታልላት ስንት ጊዜ መዳፉን ዝቅ አድርጓል። አንድ ግቢ ሙሉ ዘይት ቢያፈስ ያንንም «ለኔ ብሎ ነው» ነው የምትለው። ፍቅሩን አትጠራጠርም፤ ፍቅሩን ብትጠራጠር እንኳ አንድ ነገር ነበር።

«ወጥታ እንደገና ትሞክራት» አለ ክሪክ። «አንዴ ብትረግጣት ያልቃል።»

«አትወጣም» አልኩ። ሹራቡን አጥፌ ሳጥን ውስጥ እንድከተው አዛኛለች። አድርጌዋለሁ።

ወንድሜ ተነስቶ እስከ መኝታ ቤቱ በር ሄደ። እጀታውን ያዘ። ለቀቀው። ተመልሶ መጣ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ የሚላትን እየተለማመደ ይመስለኛል፤ አንዱም ቃል ግን ከዚህ በፊት ያላላት አልነበረም። «ደህና ነሽ» ብሏታል። «እግርሽ ድኗል» ብሏታል። ሳይድን ነበር ያላት። አሁን ሲድን ያው ቃል ነው ያለው።

ክሪክ ዕቃውን ሰብስቦ ቁልፉን በጨርቅ ጠረገና እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን ለማን ልስጥ?»

ወንድሜ መንዳት አይችልም። እኔም አልችልም። ክሪክ እጁን እንደዘረጋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል፤ እኛም እርስ በርሳችን እንተያያለን።